ውሃ የምትጠጣ መኪና፦ ፍሳሹን ከነምንጩ ደረጃ በደረጃ ማግኘት

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ደግሞ ከአየር ጤና ወደ ዊንጌትና ወደ አስኮ በተጓዙ ቁጥር መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። የብዙ ቶዮታ ሞተሮች የራዲያተር ፋን የሚነሳው ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የማቀዝቀዣው መስመር ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ከተማ የራዲያተር ፍሳሽን አቅልሎ ማየት የማይገባው ለዚህ ነው። ፍሳሽ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ውሃው መጉደሉን ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ጠርሙስ ጨምሮ መውጣት መፍትሔ ይመስለናል። ነገር ግን ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ ግፊትም ይወጣል። 1.1 ባር የሚይዝ ደህና የራዲያተር ክዳን፣ እዚሁ ከፍታ ላይ እንኳ፣ ውሃው እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ግፊቱ ከጠፋ ግን ራዲያተሩ እስከ አፉ ቢሞላም፣ ከሁሉ አብልጦ በሚግለው በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ራስ) ዙሪያ ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ የጋለ ብረትን እንደ ውሃ አያቀዘቅዝም። ቴስታታ የሚጣመመው፣ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን በእጃችን ያሉት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ይገባል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለኮሮላም፣ ለቪትዝም፣ ለስፖርት መኪናም ይሠራል። ስፖርት መኪና ሲባል የግድ የተለየ ፍጥረት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2006 የተመረተችው ሴሊካ በመደበኛ ዓይነቷ የተገጠመላት 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ ሞተር በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይም የተገጠመ ነው። የሴሊካ ባለቤትና የኮሮላ ባለቤት የሚፈልጉት ዋተር ፓምፕ አንድ ዓይነት፣ የሚያፈስበትም ቦታ አንድ ነው። የስፖርት መኪና ልዩ ችግሮች አሉ፤ በኋላ ለብቻ እመለስባቸዋለሁ።

የሚያስፈልግዎ ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ጥሩ ባትሪ መብራት፣ ትልቅ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። በኋላ ላይ የራዲያተር ግፊት መለኪያ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ እሱን ደህና ጋራዥ ውስጥ ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ሞተሩ ይብረድ

የሙቀት መለኪያው ቀስት መንገድ ላይ ሲወጣ ካዩ ኤሲውን ያጥፉ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ መስኮቶቹን ያውርዱና ዳር ይያዙ። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ያወጣል፤ ለእርስዎ ባይመችም ለሞተሩ እረፍት ነው። ቀስቱ ቀዩ ላይ ከደረሰ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ከጦር ኃይሎች እስከ 18 ማዞሪያ ያለው መንገድ ቢዘጋም፣ ከኋላ ጥሩምባ ቢበረታም፣ «ቤት እስክደርስ» ማለት አይገባም።

የራዲያተሩን ክዳን አይንኩት። ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶታል፤ ምክንያቱን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጅቡቲ ወደብ ላይ 97 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውሃ ክዳኑ ቢከፈት ላይፈላ ይችላል። እዚህ ግን ያው 97 ዲግሪ ከመፍያ ነጥቡ በላይ ስለሆነ፣ ክዳኑ በላላ ቅጽበት ውሃው በእንፋሎት ተገፍቶ ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ከራዲያተሩ አናት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ይዘው ይጫኑት፤ ድርቅ ካለ ውስጡ ገና ግፊት አለ፣ ለስለስ ብሎ ከተጨመቀ ግን ጊዜው ደርሷል። ያን ጊዜም ቢሆን ክዳኑን ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ መጀመሪያ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው፣ ፉጨቱ ካበቃ በኋላ ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ሊነሳ ይችላል። ነጠላ ወይም ሻርፕ የለበሰ ሰው ኮፈን ሥር ከመጎንበሱ በፊት ያውልቅ።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ምልክት ያድርጉበት

በቀዘቀዘ ሞተር፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ በፕላስቲክ ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን የኩላንት ደረጃ ይመልከቱ። በ«ሎው» እና በ«ፉል» መካከል መሆን አለበት። አሁን ባለበት ልክ ፕላስተር ይለጥፉና ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ ይጻፉበት። ይህች ፕላስተር ከብዙ ግምት ታድናለች። መካኒኩ ጋ ሲቀርቡ «ውሃ ትጠጣለች» ከማለት ይልቅ «በሦስት ቀን፣ በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ይህን ያህል ወረደ» ማለት ይችላሉ።

ማጠራቀሚያው ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ሲከፈት ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ጤነኛ መኪና ሲሞቅ ትርፉን ወደ ማጠራቀሚያው ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። መልሶ ካልሳበ ወይ ክዳኑ ደክሟል፣ ወይ ሁለቱን የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው።

ደረጃ 3፦ የሚንጠባጠበው ምን እንደሆነ ይለዩ

ማታ መኪናው ግቢ ሲገባ ካርቶኑን ከሞተሩ ሥር ያንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ የት እንደሆኑም ካርቶኑ ላይ ያመልክቱ። ጠዋት ነጠብጣቡ የት እንዳረፈና ቀለሙ ምን እንደሆነ ይመልከቱ። ቀለምና ሽታ የሌለው፣ ኤሲ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በተሳፋሪው በኩል የሚንጠባጠብ ውሃ የኤሲው ጠል ነው፤ ምንም ችግር የለውም። ኩላንት ግን በጣት ሲታሸ ያዳልጣል፣ ሽታው ጣፋጭ ነገር ይመስላል፣ ቀለሙም አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ነው።

ቀይ ሲሆን መጠንቀቅ ያሻል። የቶዮታ የቀድሞው ኩላንት ቀይ ነው፤ የካምቢዮና የመሪ ዘይትም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ለመለየት አንዲት ጠብታ ወስደው ብርጭቆ ውሃ ላይ ይጣሉ። ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ኩላንት ከውሃው ጋር ይቀላቀላል።

አብዛኛው ኩላንት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። ውሻ፣ ድመትና ሕፃን ልጅ ይስባል። ጥቂት መጠን ኩላሊት ያበላሻል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ካርቶኑን እስከ ረፋድ አያቆዩት፤ መሬት ላይ የፈሰሰውንም በብዙ ውሃ ያጥቡ።

ደረጃ 4፦ የደረቀውን ዱካ ይከተሉ

ይህ ደረጃ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ብዙ ፍሳሽ የሚገኘውም እዚህ ነው። ኩላንት ሲፈስ ውሃው ይተናል፣ ቀለሙና ጨዉ ግን ብረቱ ላይ ይቀራል። የሚፈልጉት እርጥበት ብቻ ሳይሆን ነጭ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሆኖ የደረቀ ቅርፊት ነው። ፈሳሽ ወደ ታችና በነፋስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ጠብታው ካረፈበት ቦታ ተነስተው ወደ ላይና ወደ ፊት ይፈልጉ፤ ከፍ ብሎ የሚገኘው የመጨረሻው ዱካ ለምንጩ ቅርብ ነው።

ከራዲያተሩ ይጀምሩ። የአሁኖቹ ራዲያተሮች መሐላቸው አሉሚኒየም፣ ላይና ታቻቸው ወይም ግራና ቀኛቸው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበት መስመር በዕድሜ ብዛት ይከፈታል። ፕላስቲኩ ቡናማ እየሆነ፣ በጥፍር ሲጫሩት እየተፈረፈረ ከሆነ፣ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ታችኛው ጫፍ ላይ ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን አይርሱ። በኮብልስቶን መንገድና በከፍተኛ የፍጥነት ማብረጃ የሚመላለስ ዝቅ ያለ መኪና ደግሞ የራዲያተሩ የታች ጠርዝ ይመታል።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን ይዩ። ከላይና ከታች ያሉትን ወፍራም ቱቦዎች ብቻ አይመልከቱ፤ ከሞተሩ ጀርባ ወደ ማሞቂያው የሚገቡት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችና ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄዱት ትንንሾቹም ያፈሳሉ። ቱቦውን አጠፍ አድርገው ይመልከቱት፤ ላዩ ላይ መሰነጣጠቅ ካለ፣ ማሰሪያው አጠገብ አብጦ ከታየ፣ ወይም ሲጫኑት እንደ ሊጥ ከሰመጠ ይቀየር። ማሰሪያዎቹንም በካቻቢቴ ይሞክሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ብቻ የሚያፈስ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያቆም መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ የላላ ማሰሪያ ነው፤ ጎማው በብርድ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ተለጥጦ ራሱን ይዘጋል። መካኒኩ የሚያየው ቀን በሞቀ ሞተር ከሆነ ምንም አያገኝም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፍሳሽ ማልደው ራስዎ ይፈልጉት።

ዋተር ፓምፑ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ያ ቀዳዳ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ የውስጡ ማሸጊያ ሲያረጅ ኩላንቱ ወደ ኩሺኔታው ሳይገባ በዚያ በኩል እንዲወጣ ነው። በዚያ ቀዳዳ ሥር ሮዝ መስመር ካዩ ፓምፑ እየጨረሰ ነው። ጥቂት ዱካ ብቻ ከሆነ ጊዜ ይሰጥዎታል። ፑሌጃውን ይዘው ሲነቀንቁት ከተወዛወዘ ወይም ሞተሩ ሲሠራ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ ግን ዛሬውኑ ይቀየር። ቺንጋው ላይ የተረጨ ኩላንት ካለ እሱንም አብረው ይቀይሩት።

በመጨረሻ መኪናው ውስጥ ይግቡ። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ እርጥብ ከሆነ፣ መስታወቱ ከውስጥ በቅባት በሚመስል ጉም የሚሸፈን ከሆነ፣ ማሞቂያው ሲከፈት ጣፋጭ ሽታ የሚመጣ ከሆነ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው የሚያፈሰው። ይህ ፍሳሽ መሬት ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ውጭ ሲፈለግ ጠፍቶ «ቴስታታ ነው» የሚባልበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ደረጃ 5፦ ክዳኑን ይመርምሩ

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው የሚይዘው ግፊት በባር ነው። የጎማ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ፣ ከጠነከረ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግፊት አይዝም። የራዲያተር ክዳን ከሞተር ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በእኛ ከፍታ ላይ ግን ብቻውን ሞተር ሊያስፈላ ይችላል። በግፊት መለኪያው ይፈተሻል። አዲስ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከታች ያለው የስፕሪንጉ ጥልቀት እኩል መሆኑንም አስተያይተው ይግዙ። «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብለው ከፋብሪካው በላይ ግፊት የሚይዝ ክዳን አይግጠሙ፤ ያረጀውን ቱቦና የፕላስቲክ ጠርዝ ያፈነዳዋል።

ደረጃ 6፦ በግፊት ይፈትሹ

በዓይን ያልተገኘ ፍሳሽ በግፊት ይገኛል። የግፊት መለኪያው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚታሰር፣ የብስክሌት ፓምፕ የሚመስል የእጅ ፓምፕ ነው። በቀዘቀዘ ሞተር ራዲያተሩን ሞልተው፣ ፓምፑን ያስሩና ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ፣ ከዚያ ሳያሳልፉ፣ ይንፉ። ከዚያ ይተዉትና አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቀስቱን ይመልከቱ። ካልወረደ መስመሩ በብርድ አያፈስም። ከወረደ ሬዲዮውንም ወሬውንም ዘግተው ያዳምጡ፤ ፉጨቱ ወይም ጠብታው ቦታውን ይናገራል። ሞተሩን ለብ ካደረጉ በኋላ ደግመው ይፈትሹ፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ብረቱ ሲሞቅ ብቻ ይከፈታል።

ይህን ፈተና ሳያደርግ ቴስታታ ልፍታ የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ በአክብሮት ያስቁሙት። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ በግፊት እንየው» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በኮልፌ ውስጥ እጃቸው የተባረከ፣ ድምፅ ሰምተው ብልሽት የሚለዩ መካኒኮች አሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የችሎታ ሳይሆን የመሣሪያ እጥረትና የደንበኛ ጥድፊያ ነው። ባለመኪናው ቆሞ እየጠበቀ፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ መኪና በር ላይ እያለ፣ በጣም የተለመደው ጥርጣሬ መጀመሪያ ይፈታል። ጠዋት መኪናውን አድርሰው፣ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ሰጥተው ከጠየቁ የተሻለ ሥራ ያገኛሉ።

መለኪያው ከጠፋ የቤት ዘዴ አለ። ሞተሩን በደንብ አጥበው ያድርቁ። የሚጠረጥሩት መገጣጠሚያ ላይ የሕፃን ፓውደር በስሱ ይነስንሱ። ክዳኑን ዘግተው ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም ሞተሩን ያስነሱት፤ ከዚያ አጥፍተው በመብራት ይመልከቱ። በፓውደሩ ላይ የሚሄድ የእርጥበት መስመር ከየት እንደተነሳ በግልጽ ይታያል። ከፋኑና ከቺንጋው እጅዎን ያርቁ።

ደረጃ 7፦ ውጭ ከሌለ ውስጥ ነው

ግፊቱ እየወረደ፣ ውጭም መኪናው ውስጥም ጠብታ ከሌለ፣ ያን ጊዜ ወደ ጋርኒሲዮን ወይም ወደ ቴስታታ መሄድ ተገቢ ነው። ምልክቶቹ እነሆ፤ አንዱን ብቻ ይዘው ግን አይፍረዱ።

ነጭ ጭስ አንዱ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ከማርሚታ የሚወጣ ነጭ ጭስ የማንኛውም ጤነኛ መኪና እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆም ካልጠፋና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ኩላንት እየተቃጠለ ነው። ሁለተኛው የዘይቱ መልክ ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ሻይ በወተት የመሰለ ነገር ካዩ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል፤ ሞተሩን አያስነሱ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ስስ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ ግን፣ በተለይ በክረምት አጭር አጭር መንገድ ለሚነዳ መኪና፣ የአየር እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ ዘንጉ ላይ ያለውን አይተው ይወስኑ።

ሦስተኛው ግፊት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ከተነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ያ ግፊት ከሙቀት የመጣ ሊሆን አይችልም፤ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው መስመር እየገባ ነው። ክዳኑን ከፍተው ቀዝቃዛውን ሞተር ሲያስነሱ የማያቋርጥ አረፋ ካዩም ያው ነው። ካንዴላዎቹን አስወጥተው ያነጻጽሩ፦ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ እንደታጠበ ነጭ ከሆነ፣ ውሃ የሚገባው እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ቁርጡን የሚናገረው ደግሞ የጋዝ መፈተሻው ፈሳሽ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ ተደርጎ ትነቱ ሲሳብበት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ የሲሊንደር ጋዝ አለ።

ቴስታታው ከተፈታ በኋላ ጋርኒሲዮን ለውጦ መልሶ መግጠም ብቻ አይበቃም። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ በትክክለኛ ማስመሪያ ይለካ። በብዙ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታይ አይደለም። ይህ ልኬት ተዘልሎ የተገጠመ አዲስ ጋርኒሲዮን ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ውሃ ያሳልፋል፤ ባለቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል።

ለስፖርት መኪና ባለቤቶች

ስፖርት መኪና ላይ መርማሪውን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው። ፈሳሹ እሱ ላይ ተጠራቅሞ፣ መኪናው ወዳዘነበለበት ጠርዝ ሄዶ ይንጠባጠባል፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጠብታ ስለ ምንጩ ምንም አይናገርም። ስለዚህ መሸፈኛው መጀመሪያ ይውጣ፤ መኪናው በክሪክ ሲነሳ ግን ማቆሚያ ሳይደረግለት ማንም ሥሩ አይግባ። ሁለተኛው ቱርቦ ነው። ቱርቦውን የሚያቀዘቅዙት ቀጫጭን ቱቦዎች በእሳት አጠገብ ስለሚኖሩ ቶሎ ይደርቃሉ። የፈሰሰው ኩላንት የጋለ ብረት ላይ ወድቆ ስለሚተን መሬት አይደርስም። ከመንገድ ሲመለሱ ኮፈን አካባቢ ጣፋጭ ሽታ ብቻ ካለ መብራትዎን ወደ ቱርቦው ያዙ።

የየመኪናው ጠባይም ይለያያል። በጎልፍ ጂቲአይ ላይ ያለው የኢኤ888 ሞተር ዋተር ፓምፑና ቴርሞስታቱ የሚቀመጡበት ፕላስቲክ ቤት በማፍሰስ የታወቀ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ካምቢዮው ጎን ስለሚወርድ የካምቢዮ ዘይት ይመስላል። በቢኤምደብሊው ኢ46 የኩላንት ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ራሱ በግፊት ሥር ስለሚሠራ በመገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ቱርቦ የሌለው የሱባሩ ኢጄ25 ሞተር ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተኙ ስለሆኑ፣ ጋርኒሲዮኑ ሲበላሽ ወደ ውጭ፣ ከሞተሩ ሥር ያንጠባጥባል፤ ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጋርኒሲዮን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቶዮታ ኤምአር2 ደግሞ ሞተሯ ከመቀመጫው ጀርባ፣ ራዲያተሯ ከፊት ነው። ሁለቱን የሚያገናኙት ረጃጅም ቧንቧዎች በወለሉ ሥር ስለሚያልፉ፣ እነሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያዩ ምርመራው ተጠናቋል አይባልም።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙም የብዙዎቹ መኪኖች ባትሪ በኩላንት እንደሚቀዘቅዝ ይወቁ። ደረጃውን መመልከት ይችላሉ፤ ብርቱካናማ ሽቦ ባለበት አካባቢ ግን እጅ አያስገቡ፣ ለሙያተኛው ይተዉት።

ደረጃ 8፦ ምርመራን የሚያጠፉ ሦስት ነገሮች

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል፣ ፋኑን ዳይሬክት ማድረግ፣ ራዲያተር ውስጥ የሚደፍን ዱቄት መጨመር። ሦስቱም በከተማችን የተለመዱ ናቸው፤ ሦስቱም ቀስቱን ለጊዜው ያወርዱና ምክንያቱን ይደብቃሉ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በእኛ ቀዝቃዛ ጠዋት ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ዳይሬክት የሆነ ፋን ግፊት የማይዘውን ክዳን ይሸፍነዋል፤ አንድ ቀን ሽቦው ሲቃጠል ግን ማስጠንቀቂያ የለም። ዱቄቱ ከቀዳዳው ይልቅ የማሞቂያውን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። መንገድ ላይ ለቀሩበትና ከተማ ለመድረስ ሌላ አማራጭ ለሌለበት ቀን ካልሆነ በቀር አይጠቀሙበት፤ ከተጠቀሙም መስመሩ በቶሎ ይታጠብ።

ደረጃ 9፦ መሙላት፣ አየር ማስወጣት፣ መፈተን

ከጥገናው በኋላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላ፤ ቀድሞ የተቀላቀለ ከገዙ ውሃ አይጨምሩበት። ለባትሪ ከሚሸጡት ጠርሙሶች ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፦ የተጣራ ውሃ እና የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ አሲዱ ራዲያተር ውስጥ ቢገባ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የተለያየ ዓይነት ኩላንትም አያደባልቁ። አሮጌውን በጀሪካን ሰብስበው ለጋራዡ ያስረክቡ። ወደ ቦይ የተደፋ ኩላንት መጨረሻው የምዕራብ አዲስ አበባን ውሃ የሚሰበስበው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው፤ በወንዙ ዳር ደግሞ አትክልት ይለማል።

ለአየር ማስወጣት የኮልፌ ዳገት ይጠቅማል። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙረው ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስቀምጡ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ክዳኑ ሳይዘጋ ቀዝቃዛውን ሞተር ያስነሱ። አረፋው እየወጣ ደረጃው ሲወርድ ይሙሉ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ቱቦ ይሞቃል፣ ከማሞቂያውም ሙቅ አየር ይወጣል፤ ውሃው መንፈቅፈቅ ከመጀመሩ በፊት ክዳኑን ይዝጉ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ካወጣ አየር ገና ውስጥ አለ።

ከዚያ ከአየር ጤና ተነስተው በጦር ኃይሎችና በ18 ማዞሪያ በኩል እስከ ዊንጌት ይንዱ። ዳገቱም መጨናነቁም ስላለው ጥሩ መፈተኛ ነው። ተመልሰው ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁና ፕላስተሩን አዲስ ደረጃ ላይ ይለጥፉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂቱ ዝቅ ቢል የተረፈው አየር ወጥቶ ነው፤ አንድ ጊዜ ሞልተው ይከታተሉት። በሳምንቱ ከዚያ በላይ ከወረደ ሌላ ጠርሙስ አይጨምሩ፤ መኪናውን ለግፊት ፈተና ይመልሱት።